የአማርኛ ፊደል በቆርኪ ሠርተን ቃል እየገጣጠምን ነበር፣ ግን አልሄደልንም፣ የገባችሁ እርዱኝ

የጠባሴው_ልጅ

ሰላም ናችሁ የሰፈሬ ልጆች፣ የሌላም ሰፈር። ጉዳዩ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል ግን የምሬን ነው። የደብረ ብርሃንን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ውጭ መቆም ቅጣት ነው፣ መብራቱም እንደ ፍላጎቱ ነው የሚሄደው የሚመጣው፣ እና ቤት ውስጥ ተኮልኩለን የገብስ ቆሎ ከመቆርጠም ሌላ ስራ ስለሌለን ያንን ፈረንጆቹ ስክራብል የሚሉትን፣ ፊደል በዕጣ አውጥቶ ቃል የመግጠም ጨዋታ፣ በአማርኛ ልስራው ብዬ ተነሳሁ። ከታች ካለው ግሮሰሪ የቢራ ቆርኪ ለምኜ (ለዳማ መስሏቸው በሁለት ፌስታል ሰጡኝ)፣ ገልብጬ ውስጡ ላይ በማርከር ፊደል ጻፍኩ። 33ቱን ፊደል ከነዘሩ፣ 7 በ7 እያልኩ፣ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ እስከ ፖ ድረስ፣ 231 ቆርኪ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ፣ ጣቴ እስካሁን ጥቁር ነው።

ከዛ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ እያንዳንዳችን 7 ቆርኪ አወጣን፣ የኔ ዕጣ ጱ፣ ዦ፣ ኜ፣ ፄ፣ ኁ፣ ቻ እና ሡ። በዚህ ምን ይጻፋል? ወንድሜም እንደኔ ፈዞ ቀረ። እህቴ ብቻ እንዴት እንደሆነ አላውቅም በገና ብላ ደረደረች። እማዬ ከጎን እንዝርቷን እያሾረች አየት አደረገችና «ኧረ እሱስ ገበና ነው» አለች። ሁላችንም ዝም አልን፣ በኋላ ሳየው እውነቷን ነው፣ በ እና ገ ብቻ ናቸው ቦታ የቀያየሩት! በገና፣ ገበና። ከዛ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ቃል ባየሁ ቁጥር እገለብጣለሁ። ሳማ ማሳ ይሆናል፣ ጫማ ማጫ ይሆናል፣ ልብ ሲገለበጥ ብል፣ ጠላ ሲገለበጥ ላጠ።

ጥያቄዬ፦ እንዲህ ያሉትን ቃላት ፈልጎ የማግኛ ዘዴ አለ ወይ ወይስ እንደ እማዬ መወለድ ነው የሚያስፈልገው? ደግሞ ለየትኛው ፊደል ስንት ነጥብ ልስጥ? የእንግሊዝኛው ላይ ነጥብ የተጻፈበት ነው፣ የኛን ግን በምን ልመዝነው?

ጣርማበር_ጭጋግ

ሃሃሃ ጱ እና ዦ አውጥተህ ነው የምትጫወተው፣ እግዜር ይሁንህ ወንድሜ።

ዘዴው አለ፣ እኔ ዕቃ ጭኜ ደብረ ሲና ደብረ ብርሃን ስመላለስ ታክሲ ውስጥ የምጫወተው ነው። ሦስት ፊደል ያለው ግስ ያዝ፣ «እሱ እንዲህ አደረገ» የሚለውን፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሦስቱም ፊደሉ ግዕዝ ነው፣ ሰበረ፣ ቀበረ፣ ምናምን፣ ስለዚህ ስትገለብጠው ፊደሉ አይቀየርብህም። ሦስት ፊደል ደግሞ 6 ዓይነት አደራደር ብቻ ነው ያለው፣ ስድስቱንም በአፍህ በላቸው፣ ጆሮህ ራሱ ይህ ቃል ነው ይህ አይደለም ይልሃል። ለምሳሌ ቀበረ፣ ቀረበ፣ በረቀ። ወይም ጠመቀ፣ ጠቀመ፣ መጠቀ። ገረመ፣ ረገመ፣ መረገ (ቤቱን በጭቃ መረገ)። ፈለጠ፣ ለጠፈ፣ ጠለፈ፣ እሱን ደግሞ በስም ካልከው ፍልጥ፣ ልጥፍ፣ ጥልፍ። ፈረደ፣ ደፈረ፣ ረፈደ። ለበሰ፣ በሰለ፣ ሰለበ። ቀለጠ፣ ቀጠለ፣ ጠለቀ። ከመረ፣ ከረመ፣ መከረ፣ ይቺ የገበሬ ናት፣ ገብሱን ከመረ፣ ክረምቱን ከረመ፣ ልጁን መከረ።

ከሁሉ የምወደው ግን ሰከረ፣ ከሰረ፣ ረከሰ። ይሄ እኮ የአንድ ሰው ታሪክ ነው፣ በቅደም ተከተሉ! እኛ አገር አረቄ የሚሸጥ ሱቅ ላይ መጻፍ ነበረበት።

ለናንተ ከተማ ደግሞ በረደ፣ ደረበ፣ ደበረ። ሌላ ምን ልበልህ።

የጠባሴው_ልጅ

ወይ ጉድ!! በረደ ደረበ ደበረ 😂 ይሄንን ግድግዳ ላይ ነው የምጽፈው። ለእህቴ ሳነብላት ወዲያው «ብርድ፣ ብድር፣ ድርብ» አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ድብር ጨመርኩ። ድብር አለኝ እንል የለ። አራት ሆነ!

ሮቢት_ሙቅ_ነው

ብርድ ብርድ አትበሉብን፣ እኛ ሸዋ ሮቢት ላይ ላብ በላብ ሆነን ነው የምናነበው።

ወደ ቁም ነገሩ፣ ስራዬ ኮድ መጻፍ ስለሆነ ባጭሩ ላስረዳህ ልበል ግን አያጥርም ይቅርታ። በጭንቅላት ስድስቱን አደራደር መሞከር ለሦስት ፊደል ይሆናል፣ ለአራት 24 ነው፣ ለአምስት 120፣ ለሰባቱ ቆርኪህ 5040፣ እማዬም ብትሆን አትችለውም። ኮምፒውተርም እንደዛ አያደርገውም። የሚያደርገው ምንድነው፣ የቃላት ዝርዝር ይይዝና እያንዳንዱን ቃል ፊደሎቹን በሀሁ ቅደም ተከተል ይደረድራቸዋል። ብርድን ብትደረድረው ር ብ ድ ይመጣል፣ ብድርም ር ብ ድ፣ ድርብም ር ብ ድ። ር ብ ድ ቁልፍ ሆነ በለው፣ ቁልፋቸው አንድ የሆኑት ሁሉ አንድ ኪስ ውስጥ ይገባሉ፣ አለቀ። ይሄንን ያለ ኮምፒውተርም በደብተር ትሰራዋለህ፣ ገጹ አናት ላይ ቁልፉን ጻፍ ከስሩ ቃሎቹን፣ በሳምንት ወንድምህን ታስለቅሰዋለህ። (ጣርማበር የጻፈው ለጠፈ ሲደረደር ራሱ ለጠፈ ነው የሚሆነው፣ ቁልፉም ቃሉም እሱ ነው፣ ደስ አይልም?)

አሁን ዋናው ስህተትህ። እንግሊዝኛው 26 ፊደል ነው ያለው፣ ጨዋታውም 100 ጠጠር፣ ከመቶው 12ቱ አንድ ፊደል ናቸው፣ ኢ የምትባለዋ። አንተ ግን 231 የተለያየ ቆርኪ አንድ አንድ ብቻ ሰርተሃል፣ በ7 ቆርኪ ቃል መገጠሙ ራሱ ተአምር ነው። እህትህን ሎተሪ አስቆርጣት። መፍትሔው ዘሩን መተው ነው። ቆርኪው ላይ ግዕዙን ብቻ ጻፍ፣ በ የተጻፈበት ቆርኪ በም ቡም ቢም ባም ይሁን፣ ተጫዋቹ እንደፈለገ ያንብበው። እንደዛ ስታደርግ አማርኛ ፏ ብሎ ይከፈታል፣ ምክንያቱም የኛ ቃል ከስር ከስሩ ተነባቢዎቹ ናቸው የሚይዙት። ሰ ለ መ ብቻ ይዘህ ሰላም አለህ፣ ምላስ አለህ፣ መላስ አለህ፣ መለሰ አለህ፣ ምስል አለህ፣ መሰለ አለህ። በ ረ ደ ይዘህ ከላይ ካላችሁት በተጨማሪ በረዶ፣ በራድ፣ ዳበረ፣ ደብር። ልብ በል ደብር! የከተማችሁ ስም መጀመሪያው፣ «ደብረ»፣ ብርድ ተገልብጦ ነው 😂 ብርሃኑን ከየት እንዳመጣችሁት እንጃ።

ለኮድ ሰዎች አንድ ጥሩ ነገር ልጨምር፣ ዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጥበት ስርዓት) ላይ ፊደላችን ሲቀመጥ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 8 ቦታ ነው የተሰጠው። ረ ቁጥሩ 4648 ነው፣ ር ደግሞ 4653፣ ሁለቱንም ለ8 አካፍለህ ቀሪውን ብትጥል 581። ሙሉ ቁጥሩ ቤተሰቡን ይነግርሃል ቀሪው ስንተኛ ዘር እንደሆነ። አንድ መስመር ኮድ ነው።

መሀል_ሜዳ_ነን

እኔ የእንግሊዝኛውን እጫወታለሁ፣ ስልክ ላይ፣ ስለ ነጥቡ ልመልስልህ። ጨዋታውን የፈጠረው አልፍሬድ በትስ የሚባል አሜሪካዊ አርክቴክት ነው፣ 1930ዎቹ ውስጥ ስራ ሲጠፋ፣ እሱም ያደረገው ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደመጣ መቁጠር ነው። ብዙ የሚመጣው 1 ነጥብ፣ የማይመጣው ብዙ ነጥብ፣ ኪው እና ዚ 10 10። አንተም አንድ ጋዜጣ ገጽ ወይ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ያዝና ቁጠር፣ አንድ ማታ ነው የሚፈጅብህ ከዛ የማንም ምክር አያስፈልግህም። ነ፣ ተ፣ መ፣ ለ፣ ረ፣ በ ቀዳሚ እንደሚሆኑ አሁኑኑ እነግርሃለሁ፣ ጰ እና ዠ ደግሞ ከታች።

ብዙ ነጥብ ለማምጣት ግን ረጅም ቃል ብቻ አትፈልግ፣ ይሄ የጀማሪ ጠባይ ነው። ጎበዝ ተጫዋች ውድ የሆነውን ፊደል በአጭር ቃል ነው የሚገላገለው። እንግሊዝኛው ላይ ዚ እና ኤ ጎን ለጎን 11 ነጥብ ናት፣ ኪው እና አይም እንደዛው። የኛም እኮ አለ፣ ዠ ከወጣብህ ገዥ፣ ግዥ። ጸ ከወጣብህ ጾም፣ ጽዋ። ጰ ግን አንድ ብቻ ብታደርግ ጳጉሜ ብቻ ጠብቀህ ነው የምትኖረው፣ ሁለት አድርጋት ጳጳስ እንዲጻፍ። ኘ ውድ ይመስላል ግን አይደለም፣ ዳኛ ብለህ ቀልደኛ ነገረኛ ዕድለኛ ብለህ የማታስገባበት የለም፣ ብዙ ነጥብ አትስጣት ትጸጸታለህ።

ሰባቱንም በአንዴ ለጨረሰ 50 ነጥብ ምርቃት አለ፣ እሱን አትርሳ፣ የጨዋታው ወጥ እሱ ነው።

ደግሞ ታውቃላችሁ የእንግሊዝኛው መዝገብ ውስጥ የኛ ነገሮች አሉበት፣ ጤፍ በሁለት ኤፍ ስትጻፍ 10 ነጥብ፣ ብር በሁለት አር 6፣ ጫት በኪው ኤ ቲ 12 (ኪው ያለ ዩ ከሚጻፍባቸው ከጥቂቶቹ አንዷ ናት፣ አንድ ፈረንጅ ላይ ጥያት ጭንቅላቱን ሲያክ ነበር)። መንዝ ጓሳ ላይ ሳር ስትነጭ የምትውለው ጭላዳ ዝንጀሯችንም ገላዳ ተብላ ገብታለች፣ 8 ነጥብ። መንዝ ዓለም አቀፍ ነው በሉ።

የጠባሴው_ልጅ

@ሮቢት ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ ዘሩን ከተውነው ሀ ሐ ኀ ምን ይሆናሉ? ሰ እና ሠስ? ሶስት ዓይነት ሀ ቆርኪ ልስራ ወይስ አንድ? እህቴ አንድ ነው ትላለች፣ ወንድሜ በትምህርት ቤት ይለያያል ተብሏል ይላል፣ ቤቱ ሁለት ተከፍሏል።

ሮቢት_ሙቅ_ነው

አንድ አድርገው ወንድሜ። ድምጹ አንድ ነው፣ ሰው ሁሉ እንደመጣለት ነው የሚጽፈው፣ እኔ ኮዱ ላይ ከሁሉ በፊት የማደርገው ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ መመለስ ነው። ካልመለስክ ራስ ሲገለበጥ ስራ አይሆንልህም፣ ምክንያቱም ግማሹ ሰው ሥራ ብሎ ነው የሚጽፈው።

መምህር_በጡረታ

ልጆቼ ጨዋታችሁ ደስ ይላል፣ ግን እዚህ ላይ ቆሜ ማለፍ አልቻልኩም። «ድምጹ አንድ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ የሰው ንብረት ወሰደ ነው፣ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ ወጣች ነው። ሰአለ ለመነ፣ ሠዐለ ሥዕል ሣለ። እነዚህን አንድ ቆርኪ ላይ ካደረጋችኋቸው ፀሐይዋን ሌባ አደረጋችኋት ማለት ነው። በእኛ ጊዜ እንደዚህ የጻፈ ተማሪ አለንጋ ነበር የሚቀምሰው (ትክክል ነበር አልልም)።

ሌላም ልጨምር። ቃል መገልበጥ እናንተ ዛሬ አልጀመራችሁትም፣ ልጅ ሆነን በግ ስንጠብቅ ቃል በግልባጭ እየተናገርን አዋቂ እንዳይሰማን እናደርግ ነበር። ግርማ የሚባል ጓደኛችንን ማግር እያልን ነው ያሳደግነው፣ ቀጥ ያለ ረጅም ልጅ ስለነበረ ተመችቶት ነበር። እና የገረመኝ ነገር ወረደ፣ ደወረ፣ ወደረ የሚለውን ማንም አላነሳም። ድውር የሚያውቅ ሰው ጠፋ ማለት ነው? መንዝ ባና (የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ) የሚሰራበት አገር ሆኖ!

ሮቢት_ሙቅ_ነው

ጋሼ ይቅርታዎን፣ የፀሐይዋ ነገር ልክ ነዎት። ግን እሱ የግዕዝ ቋንቋው ነው እንጂ በአማርኛ ፀሐይ ሠረቀች የሚል ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ወጣች ነው የምንለው። ለጨዋታ ብቻ ነው አንድ የማደርገው፣ ለመጻፍስ እርስዎ እንዳሉት። ደወረን ግን አላውቀውም ነበር፣ ክሩን ማጠንጠን ነው አይደል?

መምህር_በጡረታ

አዎን፣ ፈትሉን ለሸማኔ ማዘጋጀት። የጠባሴው ልጅ እናት እየፈተለች ነው ብሏል፣ እሷን ጠይቋት። ለጨዋታ ከሆነ ይሁን፣ አልከራከርም። ብቻ መምህር የሚጫወት ቀን ሁለት ሠ ይቀመጥለት፣ 10 ነጥብ ይሰጠው፣ አውቆ ለሚያስቀምጥ።

ጅሩ_ሰንጋ

እኔ ጥያቄ አለኝ፣ ተ እና አ እንዴት ነው የሚሰሩት? እንግሊዝኛው ላይ መጨረሻ ላይ ኤስ ስትጨምር የሌላውን ቃል ትበላለህ፣ የኛስ?

መሀል_ሜዳ_ነን

የኛ ከፊትም ከኋላም ነው ለዛ ነው የሚጣፍጠው። ጓደኛህ ቀበረ ብሎ ከጣለ ተ ከፊት አስገብተህ ተቀበረ፣ ቀረበ ካለ አ አስገብተህ አቀረበ። ተ፣ አ፣ ነ፣ ቸ እጅህ ላይ ካሉ አትጨርሳቸው፣ አስቀምጣቸው፣ ያዋጣሉ። ከኋላ ግን ብልሃት አለው፣ ቤት የሚለው ቤቱ ሲሆን መጨረሻው ፊደል ራሱ ነው ት ወደ ቱ የሚቀየረው፣ በድሮው 231 ቆርኪ ብትጫወት ኖሮ ት የነበረውን ቆርኪ ማንሳት ነበረብህ። ዘር በሌለው ግን ቤት ቤቱ ቤቴ ሁሉም ያው ሁለት ቆርኪ ነው፣ ስለዚህ ምንም አዲስ ቆርኪ ሳያስቀምጥ «ቤቴ ብዬዋለሁ ነጥብ ስጡኝ» የሚል ሌባ አይጠፋም፣ ከጨዋታው በፊት ተስማሙ፣ ቢያንስ አንድ ቆርኪ ያልጨመረ ነጥብ የለውም በሉ። እኛ ቤት በዚህ ምክንያት ዘመድ ሊኳረፍ ነበር።

የጠባሴው_ልጅ

እሺ መጣሁ። ቅዳሜና እሁድ ሙሉ ቆርኪ ስፍቅ ነው የዋልኩት፣ ማርከሩ በአረቄ ይለቃል ለማታውቁ (እማዬ አረቄው ሲቀንስ አይታ ሌላ ነገር ጠርጥራ ነበር)። አሁን 100 ቆርኪ ነው፣ ግዕዝ ግዕዙ ብቻ፣ አንድ ዓይነት ሀ፣ አንድ ዓይነት ሰ፣ ለጋሼ ክብር ሁለት ሠ አስቀምጫለሁ። የእህቴን የታሪክ መጽሐፍ አንድ ገጽ ቆጥረን ነጥብ ሰጠን፣ ጰ 10፣ ዠ 8፣ ነ ተ መ 1 1።

ትናንት ማታ ተጫወትን። ሌላ ጨዋታ ነው በቃ፣ የድሮው ጨዋታ አልነበረም። ወንድሜ ጠመቀ ብሎ ጀመረ፣ እህቴ ከመ ወደ ታች ምላስ አወጣች፣ እኔ ከዛ ላይ ሰከረ፣ ሰዓት ሳናየው 5 ሰዓት ሆነ። እማዬን በግድ አስገባናት፣ መነጽሯን አድርጋ እንዝርቱን አስቀምጣ። ዝም ብላ ስታይ ቆየችና፣ እኔ ብርድ ብዬ የጣልኩት ጠርዝ ላይ ነበር፣ ከጎኑ ለ በ ሰ ገጥማ «ብርድ ልብስ» አለች። ስድስት ቆርኪ፣ ሁሉንም ልትቆጥር ነው!

ወንድሜ «ሁለት ቃል ነው አይሆንም» ብሎ ተነሳ። እማዬ ቀና ብላ አየችውና «ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ብርድን ከልብሱ የሚለይ ልጅ እኔ አልወለድኩም፣ ሁለት ነው ካልክ ዛሬ አንዱን ብቻ ይዘህ እደር» አለችው። እውነቷን ነበር፣ ማታ የእሱን ብርድ ልብስ አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ጋቢ ለብሶ ሲንቀጠቀጥ አደረ።

አሁን ጠዋት ነው፣ ገና አልተስማማንም። ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? እንደ ጓደኛ ሳይሆን እንደ ዳኛ መልሱልኝ፣ 23 ነጥብ ነው የሚያከራክረው።

ጅሩ_ሰንጋ

አይቆጠርም፣ መሀሉ ክፍት ነው።

ጣርማበር_ጭጋግ

ጅሩ አንተ ጣርማ በር ላይ አድረህ አታውቅም። ይቆጠራል።

መምህር_በጡረታ

ሕጉ አይቆጠርም ይላል፣ ሁለት ቃል ነው። ለእናትህ ግን ስጧት፣ ልጁም ብርድ ልብሱ ይመለስለት።